አምስተኛው ላይ ቆመ

ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ፣

ከዩታ ብርድ እግዜር ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ልማዱ ያኮርፋል። ከሰኔ ጀምሮ ስልኬን አላነሳ ስላልሽ፣ የምናገረውን ጎረቤቴ ውድነሽ እየጻፈችው ነው።

እጮኛሽ ታነር ቅዳሜ ብቻውን በሮ መጣ። በሩን ስከፍት «አባባ፣ ደህና ነህ?» አለኝ። አንተ አለኝ! ውድነሽ በሳቅ ሞተች። አንቺ እሱን እንደምትጠሪው ነው ለካ አማርኛ ያስተማርሽው። «ግባ» አልኩት።

በሰኔ «ከካጅ ዘር አልዛመድም» ያልኩሽን አልረሳሁም። ታሪኩን መንገሻ ታክሲ ነጂው ነበር የነገረኝ። ድሮ እዚህ ጎረቤታችን ካለው ከአርካንሳ ተነስተው በጋሪ ወደ ካሊፎርኒያ የሚሰደዱ ቤተሰቦችን፣ ዩታ ላይ የዚያ አካባቢ ሞርሞኖች፣ የታነር ሃይማኖት ሰዎች፣ ከበቧቸው። ነጭ ባንዲራ ይዘው «መሣሪያችሁን ስጡን፣ በሰላም እናሳልፋችኋለን» አሉ። ከዚያ ፈጇቸው። ከሕፃናት በቀር የተረፈ የለም ማለት ይቻላል። ጥፋቱንም በቀይ ሕንዶቹ ላይ አላከኩ። መግደልስ በየአገሩ አለ፤ እኔን ያስጠላኝ ምለው መግደላቸው፣ ገድለው መካዳቸው ነው። እንዲያ ስላልኩሽ ይቅርታ አልልም።

ሶ፣ አስቀመጥኩትና «በእኛ ደንብ ከጋብቻ በፊት ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ አያቶችህን ቁጠር» አልኩት። ሞርሞን ለካ ዘር ቆጣሪ ነው! እንደ ውሃ አወረደው። አምስተኛው ላይ ቆመ።

«አባባ፣ ይሄ ሰው እዚያ ነበረ። ነጭ ባንዲራው ጋ። ሰው ገደለ። ሴትም። ልጅም።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ቁጠር አልከኝ።»

በዕድሜዬ ሰባት ቤት ሲቆጠር ስንቱን ሰማሁ! ሁሉም የዳኛና የቄስ ዘር ነው፤ የነፍሰ ገዳይ ልጅ አንድም አላጋጠመኝም። ይሄ ቢዘለው እኔ በምን አውቅ ነበር? እፎይ አልኩ ልጄ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳዬ ጣመኝ።

የሃይማኖቱ ነገር ገና ነው፤ ቄሱ አሉ፣ እኔም አለሁ። ቡና እንኳ ሃይማኖቴ ስለማይፈቅድ አልጠጣም አለኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነው!

ተራው የእኔ ሆነና ቆጠርኩለት። ስድስተኛው ላይ ሳል ያዘኝ። ሰባተኛውን ሲጠብቅ «በቃ» አልኩት፤ ስሙ ጠፍቶኝ አይደለም። አልገፋኝም። ጨዋ ነው።

ለጥምቀት ይዘሽው ነይ። የልጅ ልጆቻችሁ ሲቆጥሯችሁ የማይዘሏችሁ ሰዎች ያድርጋችሁ።

አባትሽ
ከፍያለው ዘርትሁን