ገጽ አሥራ አራት ላይ ስላለችው ልጄ

ለተከበሩ ሚስተር ኦልድዊክ
የ«ኦልድዊክ እና ልጆቹ» የአትክልት ስፍራና ግቢ አስዋቢ ድርጅት ባለቤት
እንግሊዝ አገር

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎና በድርጅትዎ ስም ላይ የተጻፉት ልጆችዎ ሁላችሁም በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ሣርዎ እንዲለመልም፣ ዝናብዎ እንዳይጓደል፣ ደረትዎም ንጹሕ አየር እንዳያጣ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ ፓንቺ ባይ እባላለሁ። ህንድ አገር፣ ራጃስታን ውስጥ፣ ዳንታሊ በምትባል መንደር፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ለእናንተ ግቢ የሚነጠፈውን ኮብልስቶን እጠርባለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ አሥራ አንድ ቀን ወስዶብኛል። የአቧራ በሽታ ሕሙማን ማኅበር ጸሐፊ የሆነችው ቢምላ ወደ ቋንቋዎ ትመልሰዋለች፤ አንድም ቃል እንዳታለሰልስ አስምያታለሁ። ሌላውን ቅጂ ማንም እንዲያነበው በማኅበሩ በር ላይ ትለጥፈዋለች።

የምጽፍልዎ በመጀመሪያ ላመሰግንዎ ነው። ባለፈው ወር ቢምላ «ዘመናዊ ባርነትን ለመከላከል ያደረግነው ጥረት» የሚለውን የድርጅትዎን ዓመታዊ ሪፖርት ከስልኳ ላይ እያነበበች ስትተረጉምልን፣ ገጽ አሥራ አራት ላይ ልጄን ሱግናን አየኋት። ቢጫ ሄልሜት ደፍታለች፤ አፍና አፍንጫዋ በነጭ መሸፈኛ ተሸፍኗል። ከሥሯ «ነጻ፣ ደኅንነቷ የተጠበቀና ፈገግተኛ ሠራተኛ» የሚል ተጽፏል። ሱግና በዚሁ የአቧራ በሽታ ከሞተች ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኗታል። እኛ አቃጥለን አመዷን ለወንዝ የሰጠናትን ልጅ እርስዎ በየዓመቱ ሥራ ላይ ስላቆዩልኝ፣ ውለታዎን በምን እንደምመልስ አላውቅም። ከዚህ ሌላ ፎቶግራፍ የላትም።

ይሁንና ምስጋና ብቻ ሲበዛ ማስመሰል እንዳይሆንብኝ፣ ጥቂት ጥቃቅን ነገሮችን በትሕትና ላንሣ።

አንደኛ፣ አፏ በተሸፈነ ሴት ላይ ፈገግታ ማየት የቻለው፣ ሥራችንን እንዲፈትሽ የላኩት ተቆጣጣሪዎ ዓይኑ የተባረከ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ዓይን የድንጋዩን አቧራ እንዴት ሳያየው እንደቀረ ብቻ አልገባኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሄልሜቶቹና ስለ መሸፈኛዎቹ አመሰግናለሁ። ፎቶው በተነሣበት ቀን ጠዋት እኔንና ሱግናን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሴቶችን በትራክተር ወደ ድንጋይ ማውጫው ወስደው አሰለፉንና ከካርቶን እያወጡ አደሉን። እንዴት እንደሳቅን ቢያዩ! ጎረቤቴ ካምሊ «አንቺ ሱግና፣ ሙሽራ መሰልሽ እኮ፤ ደግሞ ማን ሊወስድሽ ነው?» ስትላት፣ ሱግና «ዝም በይ አክስቴ፣ ሳይቀሙኝ ትንሽ ልተንፍስበት» አለቻት። ፎቶው ተነሥቶ እንዳለቀ ዕቃው ተሰብስቦ ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። ልጄ በሕይወቷ አየርን አጣርታ የተነፈሰችው ያንኑ ያህል ነው።

ሦስተኛ፣ ሪፖርትዎ «ከድንጋይ ማውጫው እስከ ደንበኛው ግቢ ያለውን መንገድ በሙሉ ፈትሸናል» ይላል። በዚያ መንገድ ላይ የእኔም ደጃፍ አለ፤ ድንጋዩ እዚያ ይራገፋል፣ እዚያ ይጠረባል፣ ከዚያ ይጫናል። ተቆጣጣሪዎ ግን ከድንጋይ ማውጫው አልፎ አልመጣም፤ ምናልባት ጫማው እንዳይቆሽሽ ይሆናል። ቢመጣ ኖሮ፣ ባሌ ለሕክምናው ድንጋይ ከሚያራግፍልን ኮንትራክተር የወሰደው ብድር እሱ ሲሞት ለእኔና ለሱግና እንደወረደ፣ ብድሩ እስኪያልቅም ለሌላ ሰው መሥራት ወይም መንደሩን መልቀቅ እንደማንችል ይሰማ ነበር። ሱግና ከባሏ ቤት ተመልሳ መዶሻ ይዛ አጠገቤ የተቀመጠችው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ነገር በእናንተ ቋንቋ ምን እንደሚባል ቢምላ ነግራኛለች። በሪፖርቱ ርዕስ ላይ ጽፈውታል።

አራተኛው ይከብደኛል። ሰባቱን ቀን የፈጀብኝ እሱ ነው።

ኮንትራክተሩ ራምኬሽ ጂ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። በእኛ ዘንድ ምራት በባሏ ታላቅ ፊት ፊቷን ትከናነባለች፤ ድምፅዋንም አታሰማም። ስሙን እንኳ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ ስጽፈውም ይህ የመጀመሪያዬ ነው። መከናነቢያው አፍን እንጂ እጅን አይሸፍንም። ተቆጣጣሪዎ «በግድ የሚያሠራችሁ አለ?» ብሎ ሲጠይቀን፣ አስተርጓሚ ሆኖ ፊታችን የቆመው ይኸው ራምኬሽ ጂ ነበር። አሥራ አንዳችን ምራቶች ነን፤ ተከናንበን ዝም አልን። ጨዋነታችን «ምንም ቅሬታ አልቀረበም» ተብሎ ተጻፈልን።

አሥራ ሁለተኛዋ ሱግና ነበረች። እሷ የመንደሩ ልጅ እንጂ የመንደሩ ምራት አይደለችም፤ ልጅ በተወለደችበት መንደር አትከናነብም፣ መናገርም ትችላለች። መሸፈኛውን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ «ታላቅ አባቴ፣ እኔ ልንገራቸው» አለች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የሻሿን ጫፍ ጎተትኩት። «ተይ ልጄ፣ ነገ ድንጋይ ይከለክለናል» አልኳት በሹክሹክታ። ዘወር ብላ አየችኝና መሸፈኛውን መልሳ አደረገችው። ፎቶው የተነሣው በዚያች ቅጽበት ነው። በጠርዙ በኩል ልብ ብለው ቢመለከቱ አምባር የሌለበት፣ የሻሽ ጫፍ የጨበጠ የመበለት እጅ ይታያል። የእኔ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱን ሁሉ በእርስዎ ላይ አልጥልም። ልጄ ልትናገር የነበረውን ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ዝምታዋን በሚያምር ወረቀት አትመው አሰራጩት እንጂ ሌላ ምን አደረጉ። አሁን በጠራራ ፀሐይ መዶሻዬን ባስቀምጥም ሱግና ትቀመጥበት ከነበረው በኩል የመዶሻ ድምፅ አይቆምም። ካምሊን «ትሰሚያለሽ?» ስላት «የእኔ ነው እኮ» ትለኛለች። ዞር ብዬ ሳይ እጇ ላይ ያለው የማሽላ ቂጣ ነው።

ከመብራት በዓል በኋላ ተቆጣጣሪዎ እንደገና እንደሚመጣ ሰምተናል። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ሴት ይላኩልን፣ ከደጃፍ ደጃፍ ትዙር፣ ራምኬሽ ጂም በማይታይበት ታነጋግረን። አሥራ አንዳችንም እንናገራለን። ይህ ደብዳቤ በማኅበሩ በር ላይ ስለሚለጠፍ እሱም ያነበዋል፤ ነገ ደጃፌ ላይ ድንጋይ እንደማይራገፍ አውቃለሁ። ይህን ፈርቼ ልጄን አንድ ጊዜ ጎትቻታለሁ። ሁለተኛ አልጎትትም።

የግቢዎን ድንጋይ በዝናብ ቀን በባዶ እግርዎ ቢረግጡት ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ እንዲያውቁልኝ እየጋበዝኩ፣ ለከበረው ጤንነትዎ ከሚገባው ስግደት ጋር፣

ዝቅተኛዋ ጠራቢዎ
ፓንቺ ባይ፣ የሱግና እናት

ማስታወሻ፦ ፎቶዋን ከሪፖርቱ እንዳያወጡት፣ እጄንም ቆርጠው እንዳያስቀሩት እለምናለሁ። «ፈገግተኛ ሠራተኛ» የሚለውን ብቻ አንሥተው በምትኩ «ሱግና» ብለው ይጻፉ። የልጆችን ስም የት መጻፍ እንደሚገባ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።