ሰላምታ ብቻ የሆነ ቴአትር የደረሱት የመምህር ሻረው ያርጋል የሕይወት ታሪክ

መምህር ሻረው ከአባታቸው ከአቶ ያርጋል ገሠሠ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አምሳል ስማቸው በ1936 ዓ.ም. በየዳ ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ደባርቅ ወርደው ዘመናዊ ትምህርት ጀመሩ። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጡ ዳባት ላይ አማርኛ ማስተማር ያዙ። በ1961 ዓ.ም. ከወይዘሮ ይርገዱ አለነ ጋር በቁርባን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1971 ዓ.ም. ቀበሌው ለአብዮት በዓል ቴአትር እንዲያዘጋጁ አዘዛቸው። በዚያ ወራት ሌሊት በሩ ተደብድቦ ልጁ የተወሰደበት ሰው ብዙ ነበር፤ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ ሰላምታውን ያረዝማል እንጂ ወደ ወሬ አይገባም። መምህር ሻረው ይህንኑ ጻፉ። ሁለት ጎረቤታሞች ደጃፍ ላይ ቆመው፣ "እንደምን አደሩ?" ይባባላሉ። ከብቱን፣ አዝመራውን፣ ዝናቡን ይጠያየቃሉ፤ ልጆች ላይ ሲደርሱ ግን እንደገና ከ"እንደምን አደሩ?" ይነሳሉ። ሌላ ንግግር የለውም። የተጫወቱት ራሳቸውና ባልደረባቸው መምህር ክንዴ ኪዳነ ማርያም ነበሩ።

አዳራሹ መጀመሪያ ሳቀ። እየቆየ ሳቁ ቀዘቀዘ። ልጃቸው የተወሰደባቸው ወይዘሮ በለጠች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ማልቀስ ሲጀምሩ፣ ዞሮ ሊያያቸው የደፈረ አልነበረም።

በማግስቱ ሁለቱ መምህራን ተይዘው ደባርቅ ታሰሩ። የመርማሪው ጥያቄ አንድ ነበር፤ "ከሰላምታው ቀጥሎ ሰዎቹ ምን ሊሉ ነበር?"

"ምንም፣ ጓድ። እዚያው ላይ ያልቃል።"

"ክንዴ ነግሮን የለም እንዴ? አንተ ለማን ብለህ ትደብቃለህ?"

ለቤተሰባቸው እንደነገሩት፣ ከዱላው ይልቅ ያስፈራቸው ይህ ነበር። ክንዴ ሥቃዩ ቢበዛባቸውና የሌለ ቃል ቢፈጥሩ ሁለቱም ያልቃሉ። ክንዴም ከግድግዳው ማዶ ሆነው ስለ እርሳቸው ያንኑ ይፈሩ ነበር። ኋላ አንድ ዘበኛ እንዳጫወታቸው፣ መምህር ክንዴ ምንም አልተናገሩም። ክረምቱ ሊገባ ሲል መኪና ላይ ጭነው ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። እርሳቸውን ለምን እንደተዉአቸው መምህር ሻረው እስከ መጨረሻው አላወቁም።

ተፈትተው ወደ ማስተማሩ ተመለሱ። ወይዘሮ ይርገዱ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ልጆቹን ጓዳ ያስገቡ ነበር። ለመምህር ክንዴ ማልቀስ ተከልክሏል፤ ድንኳን አልተተከለም፣ ፍትሐት አልተፈታም። መምህር ሻረው የክንዴን ባለቤት የወይዘሮ ዓለምዬን ደጅ ለመርገጥ ብዙ ጊዜ ፈሩ። በመጨረሻ ሲሄዱ ወይዘሮ ዓለምዬ፣ "እኔስ ባይመጡ ብዬ እጸልይ ነበር፤ አይተው እንዳይወስዱዎ" አሏቸው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ያንን ቴአትር ደግመው እንዲያሳዩ ቢለመኑ፣ "ማን ይመልስልኛል?" ብለው እምቢ አሉ።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2008 ዓ.ም. በተወለዱ በ72 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ለካህናት አባቶች ያስተላለፉት አደራ አለ፤ በዛሬው ፍትሐት የመምህር ክንዴ የክርስትና ስም፣ ገብረ ሚካኤል፣ ከእርሳቸው ስም ጋር አብሮ እንዲጠራ። ወይዘሮ ዓለምዬ እዚሁ መካከላችን ቆመው ይሰማሉ።

እግዚአብሔር የሁለቱንም ነፍስ በር ደብዳቢ በማይደርስበት ማደሪያው ያሳርፍልን። አሜን።