ምሽግ አስጎብኝተው በር ለቆለፉብን ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ በፍቃዱ
የደብራችን ሰበካ ጉባኤ ሊቀመንበር
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በደጃፋችን ያስገጠሙት የቁጥር ቁልፍ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፊደል ያልቆጠርኩት ዓምደሚካኤል ደህና ነኝ። ይህን የምትጽፍልኝ ምራቴ የሻሽወርቅ ናት፤ ቃሌን እንዳታለሳልስብኝ አስጠንቅቄያታለሁ።

በቅድሚያ አሥራ ሁለት ሽማግሌና አሮጊት ሰብስበው ወደ ፈረንሳይ ገጠር ስለወሰዱን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። የመንደሩ ሰው ወታደር በመጣበት ቁጥር ከነላሙ ይሸሸግባቸው የነበሩ፣ እንደ ምሽግ የታነጹ አብያተ ክርስቲያናት አሳዩን። በየግንቡ ሥር ቆመው፣ መጠጊያ ላጣ ምእመን በሩ ይከፈትለት እንደነበር ሲያስረዱን እንባዬ መጣ። በተመለስን በሳምንቱ የእኛን በር ቆለፉት። ጉብኝት እንዲህ ሲገባው ያየሁት ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት።

አቤቱታዬ እነሆ።

፩. ሦስተኛዋ መንደር ስንደርስ ቤተ ክርስቲያኗ ተዘግታ ነበር። አስተርጓሚያችን ሄለን ማዶ ያለውን ቤት አንኳኳች። አንዲት ባልቴት ከጓሮዋ በጭቃ እጇ ወጥታ ቁልፉን ሰጠችን፤ ማንነታችንን እንኳ አልጠየቀችም። «ስትጨርሱ መስኮቱ ላይ አስቀምጡልኝ» ብቻ ነው ያለችው። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት የተሳለምኩትን ደጅ ለማለፍ በየሳምንቱ በስልክ የሚላክ ቁጥር ማንበብ አለብኝ። ማንበብ እንደማልችል እያወቁ ስለዚህ አሳቢነትዎ እግዜር ይስጥልኝ።

፪. እዚያው ጫማ ስናወልቅ፣ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ነውና አያስፈልግም ብለው ገሠጹን፤ ከነጫማዎ ገብተውም ስለ ጠመንጃ መተኮሻው ቀዳዳ ሰፊ ገለጻ አደረጉልን። ዝናብ ሲጥል ያቺ ባልቴት መጥታ ጫማችንን አንድ በአንድ ወደ ውስጥ አግብታ ደረደረችልን። ሥርዓታችንን አታውቅም፤ ውጭ የቀረ እንደሚረጥብ ግን ታውቃለች።

፫. ወይዘሮ ውብነሽ ሄርንደን በኩል ካለው የኤርፖርት ጽዳት ሥራዋ ወጥታ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች። ልጇ ከሞተባት ወዲህ ሳትጸልይ ቤቷ አትገባም። ባለፈው ረቡዕ ቁጥሩ ስላልደረሳት በሩ ሥር በረዶው ላይ ተንበርክካ አገኘኋት። ስነግርዎ፣ ለደኅንነት ነው አሉኝ። የፈረንሳዩም ለደኅንነት ነበር የተሠራው፤ ሕዝቡን ውስጥ አድርጎ እንጂ ውጭ ትቶ አይደለም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ከንጋቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት በሩ ይከፈት። ዘበኛ ካስፈለገ ወንበር ይስጡኝና እኔ እቀመጣለሁ።

ባሕር አሻግረው ያስተማሩኝ፣ የተማርኩትን ደጅ ላይ ቆሜ እንዳሰላስለው ጊዜ የሰጡኝ ጌታዬ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ።

በአውራ ጣቱ የፈረመ አክባሪዎ
ዓምደሚካኤል

ማስታወሻ፦ እሑድ ዕለት፣ ዝም እንድል ብለው የሳምንቱን ቁጥር ለእኔ ብቻ በጆሮዬ ነግረውኛል። አላነብም እንጂ አልረሳም፤ ከሀያትስቪል እስከ ላንድማርክ ላገኘሁት ምእመን ሁሉ ነግሬያለሁ። ይህ ደብዳቤ ለምእመኑም ስለሚነበብ እዚህም አስጽፌው ነበር፤ የሻሽወርቅ ፈርታ ሰረዘችው። የሚፈልግ ይጠይቀኝ።