ክርስትና እናቷን የጠበቀችው ጀልባ፦ የመምህርት ሲልማ ኤኖ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ሲልማ ኤኖ ከአባታቸው ከአቶ ኮስሞስ ፓትሪስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢያንታ ቤተል በ1943 እ.ኤ.አ. በካሪያኩ ደሴት፣ እዚሁ ዊንድዋርድ መንደራችን ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በመንደራችን ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከዚያም ግሬናዳ ተሻግረው ትምህርታቸውን አጠናቀው ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መምህርት ሆኑ። ምላሳቸው ስለት እንደነበረ የቀመሰ ያውቃል፤ እኔ የእህታቸው ልጅ ቀምሻለሁ።

በ1966 የቬንዙዌላ ወደብ በሆነችው በጉዊሪያ ለአንድ ዓመት እንግሊዝኛ እንዲያስተምሩ ተጠሩ። በዚያን ጊዜ እጮኛቸው አቶ ዘፈሪን ኤኖ የመጀመሪያ ጀልባቸውን እየሠሩ ነበር፤ የጀልባዋ ክርስትና እናት እንዲሆኑም ቃል አስገብተዋቸዋል። በልማዳችን አዲስ ጀልባ ባሕር ስትወርድ የጀልባዋ ስም የተጻፈበትን ባንዲራ የምትዘረጋው ክርስትና እናቷ ናትና፣ እሷ በሌለችበት ጀልባ ባሕር አትወርድም። መምህርት ሲልማ ግን "አንድ ዓመት ምን አላት? ሳታስበው እመጣለሁ" ብለው ሄዱ።

ጀልባዋ በጥቂት ወራት አለቀች። ሌላ ክርስትና እናት ትፈለግ ቢባሉ አቶ ዘፈሪን አሻፈረኝ አሉ። የብስ ላይ የቆመ ጀልባ ሳንቃው በፀሐይ ይሰነጠቃልና፣ በየማለዳው የባሕር ውሃ በባልዲ እየቀዱ ያርሷት ጀመር። መንደሩ መቼ ዝም ይላል! "ዘፈሪን፣ ጎመን ነው እንዴ የምታጠጣው?" ይሏቸዋል። "እሷ እንደሆነች እዚያው ቀልጣ ቀርታለች፤ ጀልባዋን ፈልጠህ ማገዶ አድርጋት!" እሳቸው ባልዲያቸውን ይዘው ያልፋሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ መምህርት ሲልማ እዚያው ሊቀሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ጉዊሪያን ወደዷት። የዓሣ አጥማጅ ልጆች የእሳቸውን የተሰባበረ ስፓኒሽ ሲሰሙ በሳቅ ይንፈራፈሩ ነበር። "አለማወቅ እንዴት እንደሚያሳፍር የተማርኩት እዚያ ነው" ይሉን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የተሳሳተ ተማሪ በእሳቸው ክፍል ተስቆበት አያውቅም። አከራያቸው ዶኛ ራሞና እንደ ልጅ አቀፏቸው። ርእሰ መምህሩም ሌላ ሦስት ዓመት እንዲጨምሩ ለመኗቸው፤ የመምህርት ሲልማ ልብም ሸፈተ።

ያን ሰሞን የመንደራችን ሰው ካፒቴን ስቲል ጭነት ይዘው ጉዊሪያ ገቡ። "ያንቺ ሰውዬ ለይቶለታል፤ ደረቅ መሬት ላይ ጀልባ ሲያጠጣ ይውላል" አሏቸው። መምህርት ሲልማ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳያልቅ ዕንባቸው መጣ። "ካፒቴን፣ መቼ ነው የሚመለሱት?" አሉ።

ዓመቱን ጨርሰው በካፒቴን ስቲል ጀልባ ተመለሱ። ዶሮ ታረደ፣ የሸንኮራ አረቄው ሩም ፈሰሰ፣ መንደሩ ጀልባዋን ወደ ባሕር ሊጎትት ገመድ ይዞ ተሰለፈ። እሳቸው ጉዊሪያ ሰፍተው ያመጡትን ባንዲራ ሲዘረጉት "ታጋሽ" ይላል። "ይኼማ የሰውየው ስም ነው!" ብሎ ሰው ሁሉ ተንጫጫ። በዚያው ወር ተጋቡ፤ ቆይተውም ማርሊንንና ጋሪክን ወለዱ። ታጋሽ ብዙ ዘመን በባሕር አገለገለች።

መምህርት ሲልማ ባደረባቸው ሕመም ቤታቸው ሲታከሙ ቆዩ። ውሃ መዋጥ ሲያቅታቸው አቶ ዘፈሪን በየማለዳው ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ ያርሱላቸው ነበር። አንድ ማለዳ ዓይናቸውን ገልጠው "ዘፈሪን፣ ጎመን ነው እንዴ የምታጠጣው?" አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ሲስቁ አልሰማናቸውም። ሚያዝያ 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በሰባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩን። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ፀጥ ባለው ወደቡ ይቀበልልን፤ ቤተሰባቸውን ያጽናልን።

ከቀብሩ በኋላ እንደ ልማዳችን ለሟች መታሰቢያ መሬቱን ውሃ የሚያጠጡት ራሳቸው አቶ ዘፈሪን ናቸው። ባልዲው ይከብዳቸዋል፤ ይፈስባቸዋልም። ደግ የሠራችሁ መስሏችሁ ባልዲውን እንዳትቀበሏቸው።