የልብስ እጥበት ክፍላችንን የፈተና ጥያቄ ላደረጉልን መምህር

ለክቡር የ«ሥራ አመራር መግቢያ» ኮርስ መምህር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር መምህር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። ጤናዎን አጥብቄ የምመኝልዎት፣ ሰው ሲታመም ሆስፒታል መግባቱ ስለማይቀርና በእኛ ሆስፒታል ደግሞ በአሁኑ ወቅት ያልተቀደደ አንሶላ ማግኘት እንደ ድሮው ቀላል ስላልሆነ ነው። ደብዳቤውን ለሁሉም በግልጽ መጻፌ ድፍረት ከመሰለዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ በሦስተኛው አግኝቼዎት ቸኩለው ነበር፣ እርስዎም ራስዎ መረጃ ለሚመለከታቸው ሁሉ መድረስ አለበት ብለው ስላስተማሩን እነሆ ትምህርትዎን ሥራ ላይ አውያለሁ።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ የሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል ኃላፊ ነኝ። በየዓመቱ የአንደኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪዎችዎን ለጉብኝት ይዘው ሲመጡ በር ላይ የምቀበልዎትና መነጽርዎ በእንፋሎት ሲሸፈን ንጹህ ጨርቅ የማቀብልዎት ሴትዮ ነኝ። በዚህ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ።

ባለፈው ዓመት ሲመጡ ተማሪዎቹን በማጠቢያና በመተኮሻ ማሽኖቹ መሃል አቁመው፣ ወረቀት ላይ ያለውን ሳይሆን ሥራው በእውነት እንዴት እንደሚሠራ እንድነግራችሁ ጠየቁኝ። ሳመነታ፣ ነገሩ ለትምህርት ብቻ እንደሆነና እዚያ የተሰማ እዚያው እንደሚቀር በተማሪዎችዎ ፊት አረጋገጡልኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ነገርኩዎት።

የነገርኩዎት ስለ እትዬ መርፌ ነበር። ስሙን ያወጡላቸው የቀዶ ጥገና ክፍል ነርሶች ናቸው፤ «እትዬ መርፌ መጡ» ሲባል የሰማ አዲስ በሽተኛ ክንዱን ብርድ ልብስ ውስጥ ይሸሽግ ነበር። በመዋቅሩ ላይ ልብስ ተኳሽ ናቸው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ግን የእንፋሎት መተኮሻው ግራ እጃቸውን አቃጠለው፤ ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ሙቀት አይችልም፣ መርፌና ክር ግን ይችላል። የልብስ ሰፊ መደብ እንዲፈቀድልን ሦስት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቄ ሦስት ጊዜ መዋቅሩ አይፈቅድም ተባልኩ። ስለዚህ የቀሩት ስድስት ተኳሾች ማንም ሳያዛቸው የእርሳቸውን ድርሻ ተከፋፈሉት። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና አንዷም ደከመኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። እርሳቸው ደግሞ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው የተቀደደውን አንሶላና የቀዶ ጥገና ጋውን ሁሉ ይሰፋሉ። ይህ አሠራር የትም አልተጻፈም፤ ሁላችንም እናውቀው ነበር።

ያን ዕለት እርስዎ በጣም ተደስተው፣ እንዲህ ያለው ነገር ኢ-መደበኛ አደረጃጀት እንደሚባልና እኔም ሳላውቀው የሥራ አመራር ሰው እንደሆንኩ ነገሩኝ። አያይዘውም ቅዳሜና እሁድ በሚሰጠው ኮርስ ብመዘገብ ለደረጃ እድገት እንደሚጠቅመኝ መከሩኝ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች መሃል ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ። የሆስፒታላችን የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊም ከእኔ ሁለት ወንበር አልፈው ይማሩ ነበር። እቅድ፣ ማደራጀት፣ መምራት፣ ቁጥጥር እያልን በቃላችን ያዝን፤ አሥራ አራቱን የሥራ አመራር መርሆች ልብስ እያጣጠፍኩ እደግማቸው ነበር። ሴቶቹም ሰምተው ሰምተው ሰባቱን ያህል አብረውኝ ይሉ ነበር።

ከዚያም የማጠቃለያ ፈተናው ቀን መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን የራሴን ወሬ የሰማሁት በፈተና ወረቀት ላይ፣ ሃያ ነጥብ ተመድቦለት ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ምስጋናዎች በታላቅ ትህትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ስማችንን ስለደበቁልን አመሰግናለሁ። «በአንድ ሆስፒታል የምትሠራ ሠራተኛ ሀ» እና «ኃላፊ ለ» ብለው ሲጽፉ ጥንቃቄዎ ልቤን ነካው። ሰባት ተኳሾች፣ ሁለት የእንፋሎት ማሽን፣ አሥራ አንድ ዓመት፣ ሌላው ቀርቶ በመስኮት ሥር የምትቀመጠው ሴት እንኳ ሳትቀር ሁሉም በቦታው አለ። ስማችንን ሸፍነው መልካችንን እንዳለ ተዉት፤ ሁለት ወንበር አልፈው የተቀመጡት የአስተዳደር ኃላፊ ጥያቄውን አንብበው ቀና ብለው ሲያዩኝ፣ እኔም ቀና ብዬ አየኋቸው።

2ኛ. ስለ አጭር አጻጻፍዎ አመሰግናለሁ። ከነገርኩዎት ሁሉ የተዉት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የተቃጠለውን እጅና መርፌውን። በጥያቄው ላይ የቀረው፣ ለአሥራ አንድ ዓመት የተመደበችበትን ሥራ ሳትሠራ ደመወዝ የምትቀበል ሠራተኛና እያየች ዝም የምትል ኃላፊ ነው። ቢሮዎ መጥቼ ምክንያቱን ስጠይቅ፣ መረጃ ሲበዛ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግራ ይገባዋል አሉኝ። እውነትዎን ነው፤ እኛም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ግራ የገባን መረጃ በዝቶብን ኖሯል።

3ኛ. ከሃያው ነጥብ ሁለቱን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። እኔ በመልሴ ላይ ሠራተኛዋ ሥራ ፈት እንዳልሆነች፣ በወር ከመቶ በላይ ሊጣል የነበረ አንሶላ ሰፍታ ወደ አልጋ እንደምትመልስ፣ መፍትሔውም መዋቅሩ ላይ የሰፊ መደብ መክፈት እንደሆነ ጻፍኩ። እርስዎም በቀይ እስክሪብቶ «በኬዙ ውስጥ የሌለ መላምት» ብለው አረሙልኝ። በኬዙ፣ ማለትም በጥያቄው ታሪክ ውስጥ፣ አለመኖሩን አልክድም። ሁለቱን ነጥብ ለምን እንደሰጡኝ እስካሁን አልገባኝም፤ ለእጅ ጽሑፌ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

4ኛ. የአስተዳደር ኃላፊያችንን ስላስተማሩልን አመሰግናለሁ። እርሳቸው ከሃያ ሃያ አገኙ፤ መልሳቸውንም እንደ ምሳሌ ለክፍሉ አነበቡልን። የሥራ ክፍፍልንና የዲሲፕሊንን መርህ የጣሰችው ሠራተኛ ትሰናበት፣ ኃላፊዋም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣት ይላል። ተማሪው ሲያጨበጭብ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አጨበጨብኩ። እርስዎ ደግሞ ዕውቀት ወደ ተግባር ካልተለወጠ ከንቱ ነው ብለው ትምህርቱን ዘጉ። በሦስተኛው ሳምንት እትዬ መርፌ የስንብት ደብዳቤ፣ እኔም ማስጠንቀቂያዬን ተቀበልን፤ ቃላቱ ከመልሱ ወረቀት ላይ እንዳሉ የተገለበጡ ናቸው። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደሉም። ቢሮአቸው ጠርተው፣ ድሮ ነገር ሲንከባለል ዝም ብለው ያልፉ እንደነበርና ከኮርሱ በኋላ ግን መወሰን እንደለመዱ በደስታ አጫወቱኝ።

5ኛ. ይህኛውን በምስጋና ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም። ስድስቱ ሴቶች ነገሩ ከማን አፍ እንደወጣ ለማወቅ ብዙ አልለፉም። ለእንግዶች ክፍሉን የማስጎበኘው እኔ ነኝ፤ ለኮርሱም የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ እድገት ይጠብቃታል የተባለልኝም እኔው ነኝ። አሁን ስገባ ወሬ ይቆማል፣ መርሆቹንም አብሮኝ የሚደግም የለም። ሸጣቸዋለች ብለው አምነዋል፤ ምን ብዬ ላስተባብል? የሸጥኩት ነገር የለም፤ በነጻ ነው የሰጠሁት። እትዬ መርፌ ግን አንድ ቃል አልጠየቁኝም። በመጨረሻው ቀን መቀሱን፣ የክሩን ሳጥንና ገና ያልጨረሱትን ጋውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው፣ የቀረው የግራ እጅጌው ብቻ እንደሆነ ነግረውኝ ሄዱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ክቡር መምህር፣ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ፈረሱ ግን ቢያንስ የጣለውን ሰው ነጥብ አይሰጠውም። ከፍቶኛል። ሞኝ ነበርኩ ብዬ ራሴን እንዳልወቅስ እንኳ፣ እርስዎ ሲጠይቁኝ የነበረዎት ፊት የሚታመን ፊት ነበር። ዛሬም ቢሆን ተንኮል ነበረዎት ብዬ አላስብም፤ ጥሩ ጥያቄ ፈለጉ፣ አገኙ፣ እንዲያምርም ከረከሙት። የተከረከመው ግን ሰው ነበር።

አንድ ጉዳይ ብቻ ላስቸግርዎ። የፊታችን ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት የሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ የእትዬ መርፌን አቤቱታ ያያል፤ ውሳኔውም የመጨረሻ ነው። ኮሚቴው መስፋታቸውን የሚመሰክር ከሆስፒታሉ ውጭ የሆነ ሰው አምጡ ብሏል፤ የእኛንም የነርሶቹንም ቃል እርስ በርስ መሸፋፈን ነው ብሎ አልተቀበለውም፤ ይህም ከአስተዳደር ኃላፊያችን የመልስ ወረቀት የተወሰደ ቃል ነው። እርስዎ በጉብኝቱ ዕለት አጠገባቸው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆመው፣ ስፌቱ የበሽተኛን ጀርባ እንዳይፍቅ ክሩን ከሥር እንዴት እንደሚደብቁት ጠይቀዋቸዋል፤ እርሳቸውም አሳይተውዎታል። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለንም። ቢሮዎ ስመጣ፣ በሆስፒታሉ አስተዳደር ውስጥ መግባት ከኃላፊነቴ ውጭ ነው ብለውኛል። መግባትዎንማ ገብተዋል፤ የምለምንዎት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በበሩ በኩል እንዲገቡልን ነው። ያዩትን ይናገሩ፤ ሌላ አንጠይቅም።

ላስተማሩኝ ሁሉ፣ በተለይም በኮርሱ ውስጥ ላልተካተተው፣ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ቀሪ ዘመንዎ ማንም ሰው አሳጥሮ የማይጽፈው እንዲሆን በመመኘት እሰናበታለሁ።

ኃላፊ ለ
(በኮርሱ የወደቀች፣ በሥራዋ ማስጠንቀቂያ ያለባት)

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ
ለአንደኛ ዓመት የቢዝነስ ተማሪዎች የማስታወቂያ ሰሌዳ

ማስታወሻ፦ ፈተናውን ስለወደቅኩ በሚቀጥለው ሴሚስተር ኮርሱን እንደገና እወስዳለሁ፤ የፊተኛው ረድፍ ላይ ሁለት ወንበር እንዲያዝልን ለሬጅስትራሩ ነግሬያለሁ። ሁለተኛው የእትዬ መርፌ ነው። ትናንት ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰምተው ይህን መምህር እኔም ልስማው አሉ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ለሰኞ ቀዶ ጥገና የሚሆነውን ጋውን ሲሰፉ ስለሚውሉ አይመቻቸውም ነበር፤ አሁን ግን ቅዳሜም እሁድም፣ ካስፈለገም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ጊዜ አላቸው።