በእሑዱ ባቡር የተያዘ መቀመጫ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኛ ከዝናቡና ከአባባ ጉልበት በቀር ክፉ ነገር አላገኘንም።

ስለ ታማኮን ጣቢያችን ወሬ አለኝ። የመብራት በዓል ሲያልፍ ወደ እናንተ የሚታጠፈው ባቡር ሰው መጫን ያቆማል አሉ። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ ብቻ ነው የሚያመላልሰው። የከተማው መስመር ይቀጥላል። አባባ ይህን ሰምቶ ሻይ ቤት ለገባው ሁሉ ታሪክ ሲያወራ ዋለ፦ አያታችን በቀርከሃ ዳስ ውስጥ ትኬት ሲቆርጥ፣ ጣቢያው በጦርነቱ ቦምብ ሲነድ፣ ሐዲዱ እንደገና ተሠርቶ ለሁለት ሲከፈል። "ሩዙም አትክልቱም ሙሽራውም ያለፈው በዚህ ነው" ይላል። ሙሽራ ሲል ድምፁ ሰለለ። ዕድሜውን ሙሉ ሐዲድ እየቀየረ ባቡሩን ሁሉ መንገድ ያስያዘ ሰው፣ አንቺ የወደድሽውን አግብተሽ የራስሽን መንገድ ብትመርጪ "ሁለተኛ እዚህ ጣቢያ እንዳትወርጂ" ማለቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ግን አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እሑድ ባቡራችሁ ሲገባ ሰው ቦታ ለመያዝ ቅርጫቱን በመስኮት ይወረውር የለ? አባባም ፎጣውን ይወረውራል። ከዚያ ሳይሳፈር ደጅ ቆሞ መቀመጫውን ያየዋል። ፊሽካ ሲነፋ ፎጣውን በመስኮት ስቦ ወደ ቤት ይመለሳል። ከወለድሽ ወዲህ አንድም እሑድ አላለፈውም። ዓሣ ሻጯ ዶ ቲን መይ ስሙን ጠርታ "ኧረ ኡ ፖ ሌት! ለመንፈስ ነው እንዴ ቦታ የሚይዙት? ወይ ይሳፈሩ ወይ ልቀመጥበት!" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "ዝም በይ፣ የዓሣሽ ሽታ ብቻውን ሁለት ቦታ ይዟል!" ይላታል።

ባለፈው እሑድ ጉልበቱ አላራምድ ብሎት መስኮቱ ጋ ሳይደርስ ባቡሩ ፎጣውን ይዞ ሄደ። አባባ እዚያው ቆሞ አለቀሰ። "ፎጣ እኮ ነው አባባ" አልኩት። "ፎጣው እንኳ ደፍሮ ሄደ፤ እኔ ቀረሁ" አለኝ። አንጀቴን በላው።

ከበዓሉ በፊት የቀረው አንድ እሑድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በአውቶቡስ ሁለት ቦታ እየቀየሩ መምጣቱን በዚያ ጉልበቱ አይሞክረውም። ይቅርታ ጠይቂው አልልሽም፤ የበደለሽ እሱ ነው። ስምሽንም ገና አልጠራም።

ዛሬ ጠዋት ግን የዓሣ ሾርባውን እየጠጣ፣ ቀና ሳይል፣ "እዚያ ጣቢያ ከባቡሩ እስከ መሬት መውረጃው ሩቅ ነው እንዴ? ይከብዳል?" አለኝ።

የእናንተ ጣቢያ መድረክ ከዚህኛው ይልቅ ዝቅ ይላል፣ እጁን የሚሰጥ ሰው ካለ ግን አይከብድም አልኩት።

በፓጎዳው የምንሰግድላቸው ሦስቱ ዕንቁዎች ከነቤተሰብሽ ይጠብቁሽ። ትንሿን ሳሚልኝ። እሑድ ጠዋት ከዘነበ ጃንጥላ ይዘሽ ወደ ጣቢያው ውጪ።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ