ፌቨን ከረባሾች ጋር የተጻፈች ዕለት

ፌቨን ክፍል ውስጥ ተሳድባ «ወላጅ አምጪ» ተባለች። የክፍሉ አለቃ የረባሾችን ስም ሲጽፍ እሷን ተራ ቁጥር አንድ ላይ አስፍሮ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። የኔዋ ፌቨን ናት፤ አራት ዓመት ሙሉ ድምፅዋ ያልተሰማው ልጅ። ይኼን ሳልነግርሽ ሰላምታ ልጀምር ብል እጄ እንቢ አለኝ።

ውድ ኑሪያ፣ እንግዲህ አሁን ሰላም ላንቺ ይሁን። ቶፊቅ ደህና ነው? የሐራ ኑሮ ተስማማችሁ? ሁለት ዓመት ተኳርፈን ቆይተን በስድብ ወሬ ስመጣብሽ ይገርምሽ ይሆናል። ባለፈው ሳምንት ደውዬልሽ «ሄሎ» ስትዪ ዘጋሁት። በአፌ ከሆነ ታውቂኛለሽ፤ የሽንኩርቱን፣ የጎረቤቱን፣ የመብራቱን ስል ዋናው ነገር ሳይነገር ይቀራል። ወረቀት ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ይዞልሽ የሚመጣው ሚኒባስ የሚነዳው ጌትነት ነው፤ ከፍቶ እንዳያነብ ዳሩን በስታፕለር አስመትቼዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ርዕሰ መምህሩም መምህር ኪሩቤልም ቁጭ ብለዋል። መምህር ኪሩቤል ዘንድሮ ከወልድያ የመጣ ልጅ እግር አስተማሪ ነው፤ አራተኛ ክፍልን የያዘው እሱ ነው።

«ወይዘሮ አማከለች፣ ልጅዎ ዓርብ ዕለት የክፍሉን አለቃ ልዑልን ሰድባዋለች» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ።

«ማን ናት የሰደበችው?»

«ፌቨን።»

«የኛዋ?»

«ሌላ ፌቨን የለችንም።»

«ምን ብላ?»

ርዕሰ መምህሩ ወደ መምህር ኪሩቤል ዞሩ። እሱ ደግሞ መስኮት መስኮቱን እያየ፣ «ወንበሯን ሲገፋባት፣ ዞር በል አንተ ፍሬን የበጠሰ ተሳቢ፣ አለችው» አለ። ከንፈሩን ነክሶ ነው የጨረሰው።

«እንዲህ ያለ ንግግር ከቤት ካልሆነ ከየት ይመጣል?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። «ቤት ውስጥ ማነው እንዲህ የሚናገረው?»

«ቤት ውስጥ ማንም አይናገርም» አልኳቸው።

እልል ልበል ብዬ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን «ስሟ ያለባትን ወረቀት ልውሰዳት?» የሚል ብቻ ነው። አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወደ መንገዱ ተመለስኩና ስድስት ፓፓያ ሸጥኩ። ኑሪያ፣ ደስ ብሎኛል። ለሰውም ለሁሉም ደስ ብሎኛል እያልኩ ነው። ብቻ ደስታው ተኝተሽበት እንደደነዘዘ ክንድ ነው፤ የራስሽ መሆኑን ታውቂያለሽ፣ ስትነኪው ግን አይሰማሽም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ወጥ ጨው ይብዛበት ይነሰው ለይቼ አላውቅም፤ ደሳለኝ ነው ቀምሶ የሚነግረኝ።

ያን ቀን አንቺ ከጎኔ ነበርሽ። ሁሉንም ታውቂዋለሽ። እኔ ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው ስለማላውቅ ዛሬ ልጻፈው። ከተማችን መርሳ በሯን ዘግታ የከረመችበት ያ ክፉ ጊዜ ነው። ባልሽ ቶፊቅ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቶ አንቺ እኛ ዘንድ ነበርሽ። ደሳለኝ ከማዳበሪያው ኮርኒስ በላይ እንጨቱ ላይ ተጋድሟል። መሣሪያ የያዙት ሰዎች በሩን ደብድበው ገቡና «ቤት ውስጥ ወንድ አለ?» ሲሉ «የለም» አልኩ። አንቺም «ወላሂ ሴቶች ብቻ ነን» አልሽ። ፌቨን ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። እንዳትዋሺ እያልን ያሳደግናት ልጅ፣ የተሳሳትን መስሏት «አባዬ ላይ ነው ያለው» አለች።

አውርደው ወሰዱት። በሩ ሲዘጋ በጥፊ መታኋትና «ምላስሽ ይታሰር። ከእንግዲህ ድምፅሽን አያሰማኝ» አልኳት።

«አማከለች፣ የእናት አፍ ነው፣ ተይ» አልሽኝ። «አሁኑኑ አውፍ በያት፣ ይቅር በያት።»

አላልኳትም። ደሳለኝ ካሥራ ዘጠኝ ቀን በኋላ እግሩን እየጎተተ ተመለሰ። ተመልሶም ዝም፣ እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። ሰው «ድንጋጤ ነው፣ ይለቃታል» ሲለኝ እሺ እላለሁ። ጠበል ወሰድኳት። ወልድያ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፤ ጆሮዋም ጉሮሮዋም ደህና ነው ተባልኩ። የዚያን ዕለት ነው መናኸሪያው በር ላይ አንቺ የተናገርሽው። «የልጅቱ ጉሮሮ ምንም የለበትም። ያለው አንቺ አፍ ላይ ነው» ብለሽኝ፣ እኔ «ስለ ልጅ ለማውራት መጀመሪያ ውለጂ» አልኩሽ። ሰው ሰማ። ጥላሽን ዘርግተሽ ሄድሽ። ከወር በኋላ ዕቃችሁን ጭናችሁ ሐራ ገባችሁ ሲሉኝ ሽንኩርት እየለቀምኩ ነበር፤ ለቀማዬን ቀጠልኩ። ለዚያ ቃል ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። ይቅር በዪኝ። ፌቨንን ያዘልሻት፣ ያጠብሻት፣ በምጤም ከአጠገቤ ያልጠፋሽ አንቺ ነሽ፤ እናት አይደለሽም የምልበት አፍ አልነበረኝም።

አሁን ልጅቷ እንዴት ተፈታች ትዪኛለሽ። ኅዳር ላይ መምህር ኪሩቤል ከኔ ፓፓያ ሊገዛ መጥቶ ቆመ። እኔ መንገድ ላይ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። አውቶብስ ሲቆም ወደ ውርጌሳ የሚወርደውን በቀልድ፣ ወደ ወልድያ የሚወጣውን በምርቃት፣ ረዳቱን በስድብ ነው የማስተናግደው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆሞ ሰማኝ። ማምሻውን ደግሞ ቤት ድረስ መጣ። ራት አቀረብኩለት፣ በላ።

«ወይዘሮ አማከለች፣ አይቀየሙኝና» አለኝ፣ «መንገድ ላይ ሲያወሩ የሰማኋቸው ሴትዮ እርስዎ ነዎት?»

«ታዲያ ማን ልሁን?»

«እዚህ ከገባሁ 'ግባ፣ ተቀመጥ፣ ብላ' አሉኝ። ለጋሽ ደሳለኝ ምንም አላሉም። ለፌቨን ምን እንዳሏት ያስታውሳሉ?»

«ውሃ አምጪ አልኳት።»

«ልጅ የሚደግመው የሚሰማውን ነው፤ የሚሆነውም የሚያየውን። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ዝም ብለው ሲኖሩ አይታ ዝም አለች። እኔ እንደገባኝ ጎበዝ ተማሪ ናት።»

ደሳለኝ ጣሪያውን አየ። እኔ ሣህኑን አነሣሁ። መምህሩ ስለ እርግማኑ አያውቅም። እርግማንም ይሁን እሱ እንዳለው የቤታችን ዝምታ፣ ሁለቱም ከኔ ነው የወጡት።

«ከትምህርት በኋላ መንገዱ ዳር አጠገብዎ ትቀመጥ» አለኝ።

«እዚያ የሚሰማው ሁሉ ስድብ ነው እኮ፤ ረዳቶቹን አታውቃቸውም።»

«መጀመሪያ ትናገር። ስድቡን በኋላ እናስተዋታለን።»

አስቀመጥኳት። ሦስት ሳምንት ፓፓያ ስትወለውል ከረመች። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት የገዙትን ረስተው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ፣ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ከኋላዬ «እማማ፣ ፓፓያዎን» የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። ማን ነው ብዬ ዞርኩ። ልጄን በድምፅዋ አላወቅኋትም ኑሪያ። የስድስት ዓመት ድምፅ ነበር የምጠብቀው፣ የአሥር ዓመት ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላማ የሰማችውን ሁሉ አነሣች፤ የኔን ቀልድ፣ የረዳቶቹን አፍ፣ የሹፌሮቹን አስተያየት። የልዑል ድርሻ ከዚያ የተቆረሰ ነው።

ሰኞ ምሳ ላይ ወረቀቷን ለደሳለኝ አሳየሁት፣ ስድቡንም ነገርኩት። ሳቀና ትን አለው። ውሃ ጠጥቶ ሲያበቃ ወደ ልጅቱ ዞረ።

«ያኔ ኮርኒሱ ላይ ሳለሁ፣ ማዳበሪያው ተቀድዶ እግሬ ተንጠልጥሎ ነበር» አላት። «አንቺ ባትናገሪም አይተውኛል።»

ፌቨን የያዘችውን ጉርሻ መለሰችው። «የትኛው እግርህ?»

«ግራው።»

«ጫማ አድርገህ?»

«ካልሲ ብቻ።»

«የሚሸተውን?»

«እሱን።»

«እንግዲያ በካልሲው ሽታ ነው ያገኙህ» ብላ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ።

ያን ኮርኒስ በእጄ የወጠርኩት እኔ ነኝ። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ ወዲህ ቀዳዳ አልነበረውም፣ አንቺም አይተሽዋል። አንገቴን ደፍቼ በላሁ። አባትየው ከሷ ጋር ያለውን ጨርሷል። የቀረሁት እኔ ነኝ።

ትናንት መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ሳለ፣ ገዢ ባልነበረበት ሰዓት፣ «እማዬ፣ አሁን ድምፄን ብትሰሚው አይከፋሽም?» አለችኝ። ረስታዋለች ብዬ ነበር እኮ። አራት ዓመት ሙሉ ቃሉን አንድ ሳታጎድል ይዛዋለች። መልስ መስጠት ነበረብኝ። «ፓፓያውን ደርድሪ» አልኳት። ደረደረች። አላለቀስኩም፤ ማልቀስ ቢመጣልኝ ደግ ነበር።

ወዲያው የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጠበል ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስትረግሚያት ማን ሰማ?» አሉኝ።

«ኑሪያ፣ የድሮ ጎረቤቴ።»

«እንግዲያውስ ኑሪያ ባለችበት መርቂያት። ልጅቷም እርግማኑን የሰማው ሰው ምርቃቱንም መስማቱን ትወቅ።»

«ተጣልተናል አባ።»

«መጀመሪያ እሱን ነዋ» አሉኝ። ይኼን ደብዳቤ የጀመርኩት ከዚያ እንደተመለስኩ ነው።

ስለዚህ ድግስ አለብኝ። ደሳለኝ ሁለት በግ ከግራና ከተማ ገበያ ያመጣል፤ የእናንተን ሼህ ዑስማን ያርዱልናል፣ ድስቱም ለብቻው ነው፣ እንዳትጠራጠሪ። መምህር ኪሩቤል ተጠርቷል። ልዑልም ከነእናቱ ይመጣል፤ ፌቨን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብላለች፣ ምን ብላ እንደምትጠይቀው ግን ፈርቻለሁ። አንቺን ምንም አላስቸግርሽም። ከጎኔ ቆመሽ እጇን እንድትይዢ ብቻ ነው። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ «ድምፅሽን ያሰማኝ» ስላት፣ ቃሉ ቢያንቀኝ እንደ ያኔው «አሁኑኑ» በዪኝ። ምናልባት ክንዴ ያን ቀን ይነቃ ይሆናል፤ ባይነቃም እሷ ትስማው።

ዘንድሮ የኛም ጾም የእናንተም ጾም ተከታትለው ነው የሚገቡት፤ ጾሙ ከገባ አብረን የምንበላበት ቀን ሩቅ ነው። ቶፊቅንም ይዘሽ፣ እዚያ ያሉትን የመርሳ ሰዎች ሁሉ ነግረሽ፣ ማንም ሳይቀር፣ የካቲት አንድ ቀን እሑድ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ከቤታችን።

አማከለች፣ የፌቨን እናት